ከፓሪስ መድረክ የመረጥኳቸው ልብሶች፣ ከደሴ ሆኜ

ደሴ ቁጭ ብሎ ስለ ፓሪስ ፋሽን ሳምንት መጻፍ ምን የሚሉት ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልብስ ግን ልብስ ነው። ቪዲዮዎቹ ዩቲዩብ ላይ በነጻ አሉ። መብራት ካለና ዳታዬ ካላለቀ እኔም ፊት ለፊት ወንበር ይዤ አያለሁ። እንዲያውም እዚያ ከተቀመጡት ሴትዮዎች የተሻለ ነው የማየው፤ እኔ እኮ ደስ ያለኝ ቦታ ላይ አቁሜ፣ ስፌቱን አጉልቼ፣ መልሼ መላልሼ ማየት እችላለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ትልልቅ የሚባሉት የፋሽን ሳምንታት አራት ናቸው፤ ኒውዮርክ፣ ለንደን፣ ሚላንና ፓሪስ። በዓመት ሁለቴ፣ የካቲትና መስከረም ገደማ፣ ተራ በተራ ይካሄዳሉ፤ መዝጊያው ፓሪስ ነው። ፓሪስ ደግሞ በተጨማሪ በጥርና በሐምሌ ኦት ኩቱር የሚባለውን፣ በደንበኛው ልክ በእጅ የሚሠራውን ልብስ ታሳያለች። ይህ ስም በፈረንሳይ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ማንም ከመንገድ ተነስቶ ኦት ኩቱር ሠራሁ ማለት አይችልም። በቃ፣ ይሄን ያህል ካወቃችሁ ይበቃል።

ምርጫዬን ስታዩ አድልዎ ታገኙበታላችሁ። እኔ መቀስ ከመነሳቱ በፊት ያለው ነገር ይገዛኛል። ጨርቁን ማን ሸመነው? ከምን? የት? ይህን የማይመልስ ኮሌክሽን የፈለገውን ያህል ቢያምር እኔ ጋ ነጥብ ይጎድልበታል። ጥፋቱ ያሳደጉኝ ሴቶች ነው። እናቶቻችን ጨርቅ ሲገዙ አይታችኋል? መጀመሪያ ጫፉን ይዘው ያሹታል። ከዚያ ወደ ብርሃን ያነሱታል። ከዚያ ነጋዴው እያየ እየተንገበገበ አንዲት ክር መዘዝ ያደርጋሉ። ስለ ቀለሙና ስለ ሞዴሉ የሚወራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንደዚህ ሲደረግ እያየ ያደገ ሰው፣ መብራትና ሙዚቃ ስለበዛ ብቻ አይደነግጥም።

እንግዲህ አንደኛዬ ያለ ምንም ማመንታት ኬኔት ኢዜ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ፓሪስ ላይ ያሳየው ኮሌክሽን ነው። ኬኔት ኦስትሪያ ያደገ፣ ፋሽንም ቪየና የተማረ ናይጄሪያዊ ነው። የፓሪስ የመጀመሪያ ትርኢቱ ነበር። ዓለም በኮሮና ከመዘጋቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት መሆኑ ነው። ጨርቁ አሶ ኦኬ ይባላል፤ ዮሩባዎች ለሰርግ፣ ለሹመትና ለስም ማውጫ የሚለብሱት በእጅ የሚሸመን ጨርቅ ነው። ባጭሩ የእኛ ጥበብ ያለበት ቦታ ላይ ያለ ጨርቅ ነው፤ የክት። ኬኔት ይህን የክት ጨርቅ ወስዶ ካፖርት አደረገው። ሱሪ አደረገው። ሰው ለሥራ የሚለብሰው ኮት አደረገው። መስመሮቹ ደማቅ ናቸው፣ ቀለሙ ብዙ ነው፣ ግን አይጮኽም። ጫፉ ላይ ያለውን ዘርፍ ደግሞ አልቆረጠውም፤ እንዳለ ተወው፣ ሞዴሎቹ ሲራመዱ ይወዛወዛል።

ትርኢቱን የዘጋችው ስመ ጥሯ ሞዴል ናኦሚ ካምቤል ነበረች። በማግስቱ ወሬው ሁሉ እሷ ሆነች፤ ይገባል፣ ናኦሚ ናት። የእኔ ዓይን ግን ካፖርቶቹ ጎን ላይ ነበር የቀረው፣ መስመር ከመስመር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ።

ለምን እዚያ እንደቀረ ያስረዱኝ አንድ ሸማኔ ናቸው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው የሸመኑ ሽማግሌ ናቸው። ነጠላ ላሠራ ሄጄ ስልኬን አቀበልኳቸው። "አባባ እስቲ ይሄን ይዩልኝ" አልኩ። መጀመሪያ ያዩት ልብሱን አይደለም። "ምን ሆነው ነው ልጆቹ ፊታቸውን እንዲህ ያጠቆሩት? ሰው ሞቶባቸው ነው?" አሉ። ሞዴል አይስቅም ብል አልዋጥ አላቸው። ከዚያ የአሶ ኦኬ ሸማኔዎች ሲሠሩ የሚያሳይ ሌላ ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። መወርወሪያቸውን አስቀመጡ። ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

ናይጄሪያዊው ሸማኔ የሚሸምነው ጠባብ ቁራጭ ነው። ድሩ ከፊት ለፊቱ ረጅም ሆኖ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ እንዲወጠር መጨረሻው ላይ ድንጋይ ይጫንበታል፣ ሽመናው በገፋ ቁጥር ድንጋዩ ወደ ሸማኔው እየተሳበ ይመጣል። አባባ ድንጋዩን ሲያዩ ሳቁ። "እኛ ካስማ እንተክላለን፣ እነሱ ድንጋይ ይጎትታሉ" አሉ። ቀጥለው ስንዝራቸውን ስክሪኑ ላይ ለኩ። "ይቺማ ስንዝር አትሞላም! ካፖርት እስክትሆን ስንቷን ጎን ለጎን ሰፍተው ነው?" ወደ ትርኢቱ መልሽልኝ አሉ። መለስኩላቸው። ብብቱ ላይ፣ ጎኑ ላይ፣ ትከሻው ላይ እያስቆሙ አዩ። "ተመልከች፣ መስመሩ ከመስመሩ ጋር ገጥሟል። ሰፊው ሰነፍ አይደለም።" ስልኩን መለሱልኝና፣ መወርወሪያቸውን ካነሱ በኋላ፣ "ለመሆኑ ለሸማኔው ስንት ይደርሰዋል?" አሉ።

የፋሽን ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ ብዙም አላይም። ስለ "መነሻ ሐሳቡ" ይጠይቃሉ፣ ስለ "ጉዞው" ይጠይቃሉ። ድርና ማጉን ያገናኘው ሰውዬ ስንት እንዳገኘ ግን ማንም አያነሳም። እኛስ ጋ? እኛማ ሸማኔውን "ቁጢት በጣሽ" ብለን ስንሰድብ ኖረን፣ በዓል ሲመጣ የሠራውን ለብሰን የምንምነሸነሽ ሰዎች ነን።

ሁለተኛው ኢማን አዪሲ ነው። ስሙ ደሴ ላይ የሴት ስም ነው፣ ሰውዬው ግን ካሜሩናዊ ወንድ ነው፤ ድሮ ዳንሰኛና ሞዴል ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ያሳየው ኮሌክሽን ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የመጣ ዲዛይነር በፓሪስ ኦት ኩቱር ይፋዊ መርሐ ግብር ላይ ሲገባ የመጀመሪያው ተብሎ ተዘግቧል። የጋናን ኬንቴ አመጣ፤ ኬንቴም እንደ አሶ ኦኬ በጠባብ በጠባቡ ተሸምኖ የሚጋጠም ነው። ራፊያ የሚባለውን የዘንባባ ቃጫ አመጣ። ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የሚሠራ ጨርቅ አመጣ። ይህን ሁሉ ከሐር ጋር አዋሃደው። ራፊያው እንደ ጸጉር ሲበተን ሳይ ወዲያው የታወሰኝ አክርማና ስንደዶ ነው። አለላ ነክሮ ሙዳይ የሚሰፋ እጅ ያለው አገር እኮ ነው ያለን። ያ እጅ ቀሚስ ላይ ቢውል ምን ይከለክለዋል? ትንሽ ይኮሰኩስ ይሆናል። የፓሪሱም ይኮሰኩሳል፣ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

አዪሲን የወደድኩበት ሌላው ምክንያት የማይነካው ጨርቅ ስላለ ነው። ዋክስ አይጠቀምም። ዋክስ ማለት ያ የምዕራብ አፍሪካ ሴቶች የሚለብሱት፣ አንካራም የሚባለው፣ ዓለም ሁሉ "የአፍሪካ ጨርቅ" የሚለው ባለ ትልልቅ ሥዕል ህትመት ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዶች የኢንዶኔዥያዋን ደሴት የጃቫን ባቲክ፣ ማለትም በሰም እየተከለለ በእጅ የሚነከረውን ጨርቅ፣ በማሽን አስመስለው ሠሩ፣ ገበያው ደግሞ ምዕራብ አፍሪካ ላይ ደራላቸው። ስመ ጥሩው ቪሊስኮ ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1846 ሆላንድ አገር ሄልሞንድ ከተማ ነው። እንግሊዛዊቷ ዲዛይነር ስቴላ ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ2017 ፓሪስ ላይ ይህንኑ ህትመት ስታሳይ የአፍሪካን ባህል ወሰደች ተብላ ተብጠልጥላለች። ወቀሳው እንዳለ ሆኖ፣ ጨርቁ ራሱ ከጃቫ በሆላንድ በኩል ዞሮ የመጣ መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል። እርግጥ ነው የጋናና የናይጄሪያ ሴቶች ከመቶ ዓመት በላይ ስም እያወጡለት፣ መልእክት እያስተላለፉበት የራሳቸው አድርገውታል፤ ይህን መካድ አይቻልም። አዪሲ ግን ብርሃኑን ማንም ወዳላየው ሸማኔ አዞረው። እኔ ከሱ ጋር ነኝ።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን ልመለስ፣ ምክንያቱም የዋክስ ታሪክ ዛሬ እኛ ሰፈር እየተደገመ ነው። ጥር ላይ ደሴ ሰርግ ብትገቡ፣ ሚዜዎቹ ወጥ በሆነ ቀሚስ ተደርድረው ታያላችሁ፤ ከሩቅ ጥበብ ነው፣ ሲጠጉት ህትመት። ፕሪንት እንለዋለን። ጥለቱ በክር አልገባም፣ በማሽን ቀለም ተረግጧል። ገልብጡትና እዩት፣ ከጀርባው ነጭ ነው። ከውጭ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ እዚህ ተቆርጦ ይሰፋል፣ አለቀ።

ለባሿን አልወቅስም። በእጅ የተሸመነው ቀሚስ ዋጋው የፕሪንቱን ብዙ እጥፍ ነው፤ ሚዜነት ደግሞ አንድ ቀን ነው፣ ደመወዝም ደመወዝ ነው። ፕሪንቱ ይቀላል፣ ታጥቦ በአንድ ሌሊት ይደርቃል። ባቲ ሙቀት ላይ የሸማ ቀሚስ ለብሶ ሰርግ የዋለች ሴት ምን እንዳሳለፈች እሷና ፈጣሪዋ ናቸው የሚያውቁት። ከውጭ የመጣ ሁሉ ይጥፋም አልልም። ቆላው የሚያሸርጠው ሽርጥ፣ ሴቶቹ የሚለብሱት ድሪያ፣ ከባሕር ማዶ በንግድ የመጣ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ይገዛዋል፣ ያምርበታልም። ሽርጥ ግን ሸማኔ ሠራኝ ብሎ አያውቅም። ፕሪንቱ ነው የሸማኔውን ሥራ ፎቶ አንስቶ የሸማኔውን እንጀራ የሚበላው።

የምወቅሰው ማንን መሰላችሁ? መድረክ ላይ የሚያወጣውን ዲዛይነር። መብራት ተተክሎ፣ ማሲንቆ ተከፍቶ፣ አስተዋዋቂው "ባህላችንን ለዓለም እያስተዋወቅን" እያለ፣ ሞዴሏ የለበሰችው ግን ፕሪንት። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሚዜዋ ገንዘብ ስለቸገራት ነው፣ አንተ ምን ቸገረህ?

ሦስተኛዬ ደቡብ አፍሪካዊው ቴቤ ማጉጉ ነው፤ እሱ ደግሞ የእኔን ሕግ አፍርሶ ነው የገባው። ቴቤ እ.ኤ.አ. በ2019 የፈረንሳዩ የቅንጦት ዕቃ ኩባንያ ኤልቪኤምኤች ለወጣት ዲዛይነሮች የሚሰጠውን ሽልማት ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው፤ ሽልማቱ 300,000 ዩሮ ነበር። ኮሮና ሰዓት ላይ የፓሪሱ ትርኢት በፊልም ሲሆን ሁለት ኮሌክሽኖች አሳየ፣ ሁለቱንም እስካሁን እያነሳሁ አያቸዋለሁ። አንደኛው በአፓርታይድ ዘመን ሰላይ ስለነበሩ ሴቶች ነው። ራሱ ሄዶ አነጋገራቸው። ከልብሶቹ አንዱ ላይ ነጠብጣብ ጥለት አለ፤ ተራ ነጠብጣብ ትመስላለች፣ ሲቀርቡት ግን እያንዳንዷ ነጥብ ሰላይ መሆኗን ያመነች የአንዲት ሴት የጣት አሻራ ናት። እስቲ አስቡት፣ ሰው ቢሮ ለብሶት የሚሄድ ልብስ ላይ!

ሁለተኛው ስለ ባህላዊ ሐኪሞች ነው። አንዲት ሐኪም ዕጣ የምታይባቸውን አጥንቶችና ጥቃቅን ዕቃዎች በተነች፣ እንደተበተኑ ፎቶ ተነሱ፣ ያም ቀሚስ ላይ ታተመ። ሞራ ሲገለጥ፣ ስኒ ሲገለበጥ እያየ ላደገ የወሎ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አዎ፣ ይሄም ህትመት ነው። ግን ህትመት መሆኑን አልደበቀም፤ ሸማ ነኝ አላለም። የታተመው ነገር የት፣ ከማን እጅ እንደተገኘ ይናገራል። ስለዚህ ፕሪንት ሁሉ ጠላቴ ነው ብላችሁ አትያዙኝ።

ሉካንዮ ምዲንጊንም ስሙን ልጥራ። እሱም ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ያው ኤልቪኤምኤች በሟቹ ዲዛይነር በካርል ላገርፌልድ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ከሌሎች ሁለት ጋር ተካፍሏል። ሥራው በግና በፍየል ጸጉር ላይ ነው፤ ወፍራም፣ ሞቃት፣ ሲያዩት እጅ ይዘረጋል። እሱን ባየሁ ቁጥር የደጋው ባና ነው የሚመጣብኝ። ያ ብርድ የማያሳልፈው፣ ጥቁርና ቡናማው፣ የእረኛና የሽማግሌ ተብሎ የቀረው ባና። ማንም ባና ለብሶ ሠርግ አይሄድም። አሶ ኦኬን ለብሶ ቢሮ የሚሄድም እኮ አልነበረም።

አዲስ አበባን ዘለልሽው የሚለኝ አይጠፋም። አልዘለልኩም። በማሕሌት ተክለማርያም የተመሠረተው ሃብ ኦፍ አፍሪካ ፋሽን ሳምንት ከአህጉሩ ዲዛይነሮችን እየጠራ ሲያሳይ ቆይቷል። በማፊ ስም የምትሠራው ማሕሌት አፈወርቅ በእጅ የተሸመነን ጨርቅ የአዘቦት ልብስ አድርጋዋለች፤ ጂንስ ላይ የሚጣል፣ ታክሲ የሚገባበት። "የፍቅር ዲዛይን" በሚል ስም የምትሠራው ፍቅርተ አዲስም ሸማውን ከሐበሻ ቀሚስ ቅርጽ አውጥታ ሠርታበታለች። ሞዴሏ ሊያ ከበደ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የሚባለውን የልብስ ድርጅቷን ስትከፍት ምክንያቷ ሸማኔዎች ገበያ እያጡ መሆኑን ማየቷ ነበር። ሰው የለንም አልልም። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ከብዙዎቹ ትርኢቶቻችን የምናየው ያንኑ ነው። ነጭ ቀሚስ፣ ደረት ላይ ጥለት፣ ታች ላይ ጥለት። ጥበቡ ዳር ዳር ላይ የተለጠፈ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። ኬኔት ጨርቁን ዳር ላይ አልለጠፈውም፣ ልብሱ ራሱ ጨርቁ ነው። ልዩነቱ እሱ ነው።

ወሎ ውስጥ መስፊያ ማሽን አጣን እንዳንል የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቋል፣ ከሱ በፊትም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነበር። ልጆቻችን መስፋት ያውቃሉ። ፓርኩ የታሰበው ግን ውጭ አገር ተስሎ የመጣን ልብስ ሰፍቶ ለመላክ ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ የአፍሪካን ዕቃ ከቀረጥ ነጻ የሚያስገባውን ዕድል፣ አጎዋን፣ ዘጋችብን። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ እዚህ አላስገባውም።

ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ዲዛይነሮች፣ አዲስ አበባ መድረክ ላይ የምትወጡትም ጭምር፣ ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ወጪ የለውም። አስተዋዋቂው የስፖንሰሮችን ስም ሲደረድር፣ ከመሃል ጨርቁን የሸመነውን ሰው ስምና አገሩን ይጨምርልን። የሜካፕ ባለሙያዋ ስሟ ይጠራ የለ? ሁለተኛው ትንሽ ወጪ አለው። አንድ ሰው እስቲ ባና ገዝቶ ካፖርት ይስፋበት። ገበር አታብዙበት፣ ጥለት አትለጥፉበት፣ ወርቃማ ቁልፍ አታድርጉበት። ከውስጥ ነጭ ነጠላ ይበቃዋል። የሠራ ሰው ካለ ይጥራኝ፣ መጥቼ ጫፉን አሽቼ፣ ወደ ብርሃን አንስቼ፣ የመሰለኝን እጽፋለሁ። ክር መምዘዜ ግን አይቀርም።